በልተነዋል

ሐምሌ ሊጋመስ ሲል፣ ጓሮዬ ውስጥ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ሳለሁ፣ ጎረቤቴ አንድ ግሥ ተናገሩ። እነሆ ጳጉሜን ገባ፤ እኔ ግን ከዚያ ግሥ አልወጣሁም። የአማርኛ መምህር ነኝ። ግሥ ማርባት እንጀራዬ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ሳረባ ኖሬያለሁ። ይህኛው ግን እንደ ሌሎቹ በቀላሉ አልረባልኝም።

ነገሩ የመጣው በቅጠል ነው። የምኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው፤ ከቤታችን ጀርባ ከአንድ መኝታ ክፍል ብዙም የማትሰፋ ጓሮ አለችን። ጎመንና ቆስጣ እተክልባታለሁ፤ በአጥሩ ጥግ ጥቂት ቃሪያ፣ ከማንጎው ሥር ደግሞ ምንም የማይበቅልበት ጥላ። በበጋ ጎመኑን ክሽክሽ ይወርረዋል፤ ቅጠሉን ገልበጥ አድርጎ ላየው ሰው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ክረምት ሲገባ ተራው የቆስጣ ይሆናል። ዝናቡ ሲደጋገም ቅጠሉ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ነጠብጣቡ ደርቆ ቀዳዳ ይሆናል፣ ባለቤቴም አንዱን ቅጠል ወደ መስኮቱ አንስታ «ይህ ቆስጣ ነው ወይስ ወንፊት?» ትለኛለች። እንዲህ እንዲህ እያለ የፍልሰታ ጾም ሲደርስ፣ ቅጠል አብዝቶ በሚፈለግበት ሰሞን፣ ጓሮዬ ባዶዋን ትቀራለች።

ለሥልጠና ዳሬሰላም ከርሞ የተመለሰ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ብሶቴን ስለሚያውቅ፣ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ዘር አመጣልኝ። «ምቺቻ ይባላል» አለኝ። «እዚያ እንደ እኛ ጎመን ነው፤ በየገበያው በእስር በእስር ይሸጣል። በኮኮናት ወተት ሲሠሩት እጅ ያስቆረጥማል። ሙቀት አይፈራ፣ ዝናብ አይፈራ።» ወረቀቱን ስፈታው ዘሩ ጤፍ የሚያክል፣ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነበር። ትንፋሼ እንዳይበትነው አፌን በእጄ ሸፈንኩ።

ሌላ እምቦጭ

ባለቤቴ ወረቀቱን አየችና «ሌላ እምቦጭ እንዳይሆን ብቻ!» አለች።

በሌላ ከተማ ቢሆን ቀልድ ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ንግግር ሳቅ አያመጣም። እምቦጭ ጣና ላይ መግባቱ በይፋ የታወቀው በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ትውልዱ ከአማዞን ተፋሰስ ነው፤ አበባው ሐምራዊ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ያምራል። ሰው መጀመሪያ ያየው በአበባው ነበር፤ ዓሣ አጥማጁ በታንኳው ማለፍ ሲያቅተው ነው ስሙ እርግማን የሆነው። እኔም አንድ ቅዳሜ ከተማሪዎቼ ጋር ለዘመቻ ወርጄ እስከ ጭኔ ውሃ ውስጥ ቆሜ ነቅያለሁ። ሥሩ ውሃ ቋጥሮ እንደ እርጥብ ጋቢ ይከብዳል። ጎትተን ጎትተን ዳር ላይ ከምረን ስንመለስ አሸንፈናል ብለን ነበር።

ስለዚህ ዘሩን ለሁለት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ስለ ተክሉ ሳነብም የባለቤቴ ስጋት ከንቱ እንዳልሆነ ገባኝ፤ አንድ ደህና አድርጎ ያደገ ተክል ከ100,000 በላይ ዘር ሊያረግፍ ይችላል፣ ያም ዘር አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ከውጭ የሚገባ ዘር ሁሉ የዕፅዋት ጤና ምርመራ ማለፍ እንዳለበት ደግሞ ከዘራሁ በኋላ ነው የተነገረኝ። ሰበብ አይሆነኝም፤ ከጣና ዳር የሚኖር ሰው ከማንም ቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነበር። ለማንኛውም ሲያብብ አንድም ሳላስቀር እነቅላለሁ ብዬ ለባለቤቴ ቃል ገባሁ። ከዚህ ወዲያ የምተርከው ነገር ቃሌን ትርጉም አልባ አደረገው እንጂ አላፈረስኩትም።

በሰኔ መጨረሻ መደቡን ከስክሼ፣ ገመድ ወጥሬ፣ ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅዬ በአራት መስመር ዘራሁት። አፈሩን ለስሙ ያህል አለበስኩት። በዚያው ሌሊት ከሐይቁ በኩል የተነሳው ዝናብ ቆርቆሮውን እስከ ንጋት ሲደበድበው አደረ። ጠዋት ስወጣ ገመዱ ብቻ ቀርቷል። መስመር የሚባል ነገር የለም፤ መደቡ እንደ ተዳፈነ ሊጥ ለስልሷል።

ይህም አሉማ፣ ያም አሉማ

ከሳምንት በኋላ መደቡ በቡቃያ ተሸፈነ። ደስታዬ ግን የቆየው ቁጭ ብዬ ማረም እስክጀምር ድረስ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ጓሮዬን የሚሞላ አንድ አረም አለ፤ ሥሩ ቀላ ያለ፣ ቅጠሉ ከመሐል ሰፋ ብሎ ወደ ጫፉ የሚሾል፣ ሲነቅሉት እሺ የሚል፣ በማግሥቱ ግን ተመልሶ የሚገኝ። እዚህ ቤት ከገባን ሰባት ዓመታችን ነው፤ ሰባት ክረምት ነቅዬዋለሁ። አሁን ያ አረም በቅሏል። ምቺቻውም በቅሏል። አንዱን በግራ መዳፌ፣ አንዱን በቀኝ መዳፌ ይዤ ወደ ዓይኔ አቀረብኳቸው። የትኛው የመከራዬ፣ የትኛው የተስፋዬ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። አውራ ጣቴ አንድ ቡቃያ ላይ ይሄድና ይመለሳል። የዘራሁትን ነቅዬ አረሙን ብንከባከብስ?

ከአጥሩ ወዲያ ያሉትን ጎረቤቴን ጠራሁ። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል፤ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አልገጠመኝም። ሰባ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ትውልዳቸው ወሎ ነው፤ በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ወደ ፓዌ ከተወሰዱት አንዷ ናቸው፤ ከፓዌ እዚህ እንዴት እንደደረሱ ግን በሙሉ ሰምቼ አላውቅም። ይህን ሁሉ የማውቀው የጎረቤት ነገር እንደሚታወቀው ነው፤ በለቅሶ ድንኳንና በቡና ላይ፣ ቁርጥራጩን። የእርሳቸው ጓሮ ውስጥ አንዲት የአረም ቡቃያ አይታይም። ሁልጊዜ ይህን የንጹሕነት ምልክት አድርጌ እቆጥረው ነበር።

«እማማ፣ እስኪ ዓይንዎን ያውሱኝ» አልኳቸው።

«ምን ጠፋብህ ልጄ?»

«የዘራሁትን ካልዘራሁት መለየት አቃተኝ።»

በበሩ ዞረው መጡ። ጎንበስ አሉና ሁለቱንም ከመዳፌ ወሰዱ፤ ቅጠሉን በጣታቸው ፈትገው አሸተቱት። «ምኑን ትለየዋለህ? ይህም አሉማ፣ ያም አሉማ።»

«ይኼኛው እኮ ከዳሬሰላም ነው የመጣው።»

«ከፈለገው ይምጣ። አሉማ ነው።»

ሳቄ መጣ። በራሴ ላይ ነው የሳቅሁት፤ ሰባት ዓመት ስነቅለው ስሙን እንኳ ጠይቄ የማላውቀውን ቅጠል፣ ድንበር አቋርጦ በወረቀት ተጠቅልሎ ሲመጣ ገመድ ወጥሬ ተቀበልኩት። በዚያ ሳቅ መሐል፣ እንደ ሕፃን ደስ ብሎኝ፣ ጠየቅኋቸው።

«ታዲያ ይበላል?»

ወዲያው አልመለሱም። የያዟቸውን ሁለት ቡቃያዎች መልሰው መዳፌ ላይ አኖሩ።

«በልተነዋል» አሉ።

ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሁለት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ዞር ብለው «መጀመሪያ የፈላበትን ውሃ ድፋው» አሉኝ። በሩ ላይ ሲደርሱ ደግሞ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አልለየሁም፣ «ያን ጊዜ ጨው እንኳ አልነበረንም» ብለው ወጡ።

«ይበላል» ብዬ ስጠይቅ ማን እንደሚበላው፣ መቼ እንደሚበላው አላነሳሁም። «ይበላል» ማለት ለሁሉም፣ ምንጊዜም ነው፤ የመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ ነው። እርሳቸው ግን ያንኑ ሥር ይዘው ሰውና ዘመን ጨመሩበት። በአንዲት ቃል ውስጥ «እኛ» አለ፣ «እርሱን» አለ፣ ያለፈና ውጤቱ እስከ ዛሬ ያልለቀቀ ጊዜ አለ። ክፍል ውስጥ ይህን ቅርጽ ሳስተምር «ድርጊቱ አልፏል፣ ውጤቱ ግን አለ» እላለሁ። እና ያ «እኛ» ማን ነው? እናታቸው? ልጆች ነበሯቸው? ስንቶቹ ፓዌ ደረሱ? ያ «እኛ» እኔን እንደማይጨምር ብቻ ነው በእርግጠኝነት የማውቀው። አልጠየቅኋቸውም። እንዲህ ያለው ነገር ሰውየው ሲፈልግ ይወጣል እንጂ በጥያቄ አይጎተትም።

የጎመን ምንቸት

መስከረም ሊጠባ ሲል ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምራት አንዲት አባባል አለች። «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ።» የአዲስ ዓመት ደስታ መግለጫ ናት እላለሁ፤ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ደወል ይደወላል። ዘንድሮ ግን አባባሏን ከመጀመሪያ ግማሿ ጀምሬ አዳመጥኳት። ከቤት የሚባረር አለ። ለገበሬ ቤት ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው የሚራቆትበት፣ አዲሱ እህል ገና ሣር የሆነበት ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ምድጃው ላይ የሚጣደው ቅጠል ነው። መስከረም ሲመጣ ምንቸቱ ራሱ እንደ ክፉ እንግዳ «ውጣ» ይባላል። «ጎመን በጤና» ስንልም እኮ ጎመንን እያሞገስን አይደለም፤ ከጎመን በታች የሚወረድበት ደረጃ ስለሌለ ከእርሱ ጋር ጤናን እንለምናለን።

ደረጃ ግን አለው፤ የማላውቀው እኔ ነኝ። ጎመን ቢያንስ ይተከላል፣ አጥር ይታጠርለታል፣ ባለቤት አለው። ከጎመኑም በታች ማንም ያልዘራው አሉማ አለ። ጎመኑ ከነምንቸቱ ከተባረረ ይኼኛው የት ድረስ ይባረር? ስሙ ድረስ ይመስለኛል። «ያላወቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። እኔ ይህን ቅጠል የማላውቀው ማንም ስለማያውቀው ነው ብዬ ነበር። አሁን የሚመስለኝ ሌላ ነው። የሚያውቁት ሰዎች ልጆቻቸው ፊት ስሙን ላለመጥራት ወሰኑ፤ ልጆቻቸው እንዳይናፍቁት ሳይሆን፣ ሲያዩት እንዳይርባቸው። ይህ የእኔ ግምት ነው። እማማን ጠይቄ ያረጋገጥኩት ነገር የለም፤ ያ ንጹሕ ጓሯቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስመለከተው ሌላ ነገር ይነግረኛል።

በነገራችን ላይ ገበያም ወርጄ ነበር። ከአንዲት ጎመን ሻጭ ዘንድ ቆሜ «አሉማ አለሽ?» ብላት ቀና ብላ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «ለዶሮ ነው?» አለችኝ። ጎመን ገዝቼ ተመለስኩ።

ማረም

አማርኛ «ማረም» በሚል አንድ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ገበሬ ማሳውን ያርማል፤ መምህር ፈተና ያርማል። ቀልድ እያስመሰልኩ «እኔም ገበሬ ነኝ፣ ቀይ እስክሪብቶ ማጭዴ ነው» የምልበት ጊዜ ነበር። በዚያ ሐምሌ ማታ፣ የእማማ ግሥ እንቅልፍ ሲነሳኝ፣ ከዓመታት በፊት ያረምኩት አንድ ድርሰት ትዝ አለኝ።

ጸሐፊው ከጋይንት ደጋ የመጣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ስለ አስተዳደጉ እንዲጽፍ በታዘዘው ድርሰት «በክረምት እናቴ የሳማ ወጥ ትሠራልናለች» ብሎ ጽፏል። እኔ ደግሞ ኅዳጉ ላይ በቀይ «ሳማ ይበላል?» ብዬ ጻፍኩበት፤ ጥያቄ ምልክቱንም ደማቅ አድርጌዋለሁ። በልጅነቴ እግሬን ሲለበልበኝ የኖረ ቅጠል፣ ሲገርፉን የሚያስፈራሩበት ቅጠል፣ እንዴት ወጥ ይሆናል? ቃል ተሳስቶ መሰለኝ። ልጁ ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ አየው፣ አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተው። አልተከራከረም። መከራከር የሚችል ልጅ ቢሆን ይሻል ነበር።

ሳማ ይበላል። የደጋ ሰው ለጋውን ቅጠል እየቀጠፈ፣ እያበሰለ፣ ከእንጀራ ጋር ሲበላው የኖረ ነው፤ ሲበስል መለብለቡን ይተዋል። ይህን በኋላ ላይ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። በሰማሁ ቁጥር «አይ፣ አለማወቅ» እያልኩ አልፌዋለሁ። ያላለፍኩት አሁን ነው፤ ምክንያቱም እማማን የጠየቅኳቸው ያንኑ ቃል ነው። ይበላል? ያንኑ ቃል፣ ያንኑ ጥያቄ ምልክት። ልዩነቱ እማማን በደስታ፣ ልጁን በቀይ ቀለም መጠየቄ ነው። ለሁለቱም ግን ነገሩ የጥያቄ ጉዳይ አልነበረም። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ! እኔ ባላወቅሁት ልጁ ታረመ።

ያን ሰሞን ስለ አሉማ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ጥፋት የሠራ መምህር መሸሸጊያው ማንበብ ነው። ከቆስጣ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ገመድ ወጥሬ የምንከባከበውና ነቅዬ የምጥለው የአጎት ልጆች ናቸው ማለት ነው። በየማሳው የሚበቅለው አንዱ ዓይነት እንደ በቆሎና እንደ በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የፈለሰ ነው፤ ስለዚህ የዳሬሰላሙ እንግዳና የጓሮዬ ባለአገር ሁለቱም መጤ ናቸው። ብረትና ካልሲየም አለው፣ ለዓይን የሚጠቅመውም አለው። እንደ ቆስጣ ኦክሳሊክ አሲድም አለበት፤ ፍግ የበዛበት መሬት ላይ ሲያድግ ደግሞ ናይትሬት ያከማቻል፤ ቀቅለው ውሃውን ሲደፉት ሁለቱም ይቀንሳሉ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ዓረፍተ ነገር ልጽፍ ነበር፤ አያቶቻችን ሳይንሱን ቀድመው ያውቁት እንደነበር የሚያወሳ። ሰረዝኩት። «ውሃውን ድፋው» የምትለዋን እውቀት አንድ ሰው ከፍሎባታል። ውሃውን ሳይደፋ የጠጣ፣ ምናልባትም ከቅጠሉ ሌላ ምንም ስላልነበረው ውሃውም ያሳሳው ሰው ነበር። እማማ ያወረሱኝ የምግብ አሠራር መመሪያ አይመስለኝም።

ሳህኑ

ፍልሰታ ሲገባ አሉማው ጉልበቴን አልፎ ነበር። ክሽክሽ አልነካውም፣ ነጠብጣብ አላወጣም። አንዳንዱን ቅጠል ትሎች ወንፊት ሊያደርጉት ሞክረው ትተውታል። የየዘንጉን ጫፍ ስቀነጥሰው በሁለት በሦስት ይከፈልና መልሶ ያቆጠቁጣል። የትኛው የዘራሁት፣ የትኛው ያልዘራሁት እንደሆነ ማሰብ ትቼ ሁለቱንም በአንድ ላይ ቀጠፍኩ። ባለቤቴ ጓሮው ውስጥ ከአስተናግር፣ ሰውን ከሚያስቀባጥረው መርዛማ ቅጠል፣ ጋር እንዳላምታታው እያንዳንዱን ቅጠል አገላብጣ አየች፤ ባል ሲቀባጥር ከማደር ቅጠል ሲለቀም ማምሸት ይሻላል ብላ። ቀቀልነው። ውሃው ወደ ቀይ ያደላ አረንጓዴ ሆነ። ደፋሁት፤ ስደፋው ከምንቸቱ ሥር እስኪንጠባጠብ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከአጥሩ ጥግ ሁለት ቃሪያ። ከቆስጣ ጠንከር፣ ከጎመን ለስለስ ይላል። ልጆቹ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ በሉት።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አዲስ ነገር ሲሠራና ሽታው አጥር ሲሻገር ለጎረቤት መላክ ደንብ ነው። ግን ለእማማ ምን ብዬ ልላክ? በክፉ ቀን የበሉትን በሳህን አድርጌ «ቅመሱልን» ልበል? መስደብ አይሆንም? «ተይው» አልኩ። ባለቤቴ ግን እንጀራውን እየጠቀለለች «ሽታው ደርሷቸዋል» አለች። «የቸገረን እንደሆነ ብንልክም ያስቀይማል፣ ባንልክም ያስቀይማል። ባለመላክ ከሚቀየሙን በመላክ ይቀየሙን።» ሳህኑን በእንጀራ ሸፍና ለትንሿ ልጃችን ሰጠቻት።

ልጅቱ ቆየች። ከመስኮቱ ሁለት ጊዜ ተመለከትኩ። ስትመለስ ሳህኑ ታጥቦ በላዩ ሁለት እሸት በቆሎ ተቀምጦበታል፤ የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«እግዜር ይስጥልኝ በይ አሉ።»

«በሉት?»

«አላየሁም። በሩ ላይ ቁሚ ብለውኝ ወደ ውስጥ ገቡ።» በቆሎውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ረስታው የነበረ ነገር ትዝ እንዳላት ሁሉ ዞር አለች። «ደግሞ ጨው ያንሰዋል ብለዋል።»

ማድ ቤት ገባሁ። ከድስቱ ሥር የቀረች ጥቂት ነበረች፤ በጣቴ አንስቼ ቀመስኳት። እውነትም ጨው ያንሰዋል።